ከፊት ጃንጥላ፣ ከኋላ መብራት

ልጄ አስጎብኚ ናት። ቢጫ ጃንጥላዋን አጥፋ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይከተላታል። እኔ ልብስ ንጽህና ቤት ተኳሽ ነኝ። ዕድሜዬን ሁሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ኖሬ ከከተማችን ወጥቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ከልጄ አውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ለሽርሽር አልነበረም የመጣሁት። ልጄ በዚያ ቀን ለአንድ ሰው የቁርጥ መልስ ትሰጣለች፤ ስትሰጥ አጠገቧ መሆን ፈልጌ ነው።

ሰውየው መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር። እኛ ቤት "ብቸኛው" ነው የምንለው። ቦርሳውን በጀርባው አንግቦ፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንንም ሳያስከትል አገር ላገር ይዞራል። አባቱ የፋብሪካ ባለቤት ነው። ከልጄ ጋር የተዋወቁት አንድ ፏፏቴ አጠገብ ነው፤ እሷ ሰዎቿን ይዛ፣ እሱ ለብቻው መጥቶ። ከዚያ ወዲህ ከየሄደበት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። እናቱ ይህን ስትሰማ፣ "ጃንጥላ ይዛ ሰው የምትነዳ ልጅ ለቤቴ አትሆንም" አለች አሉ። ወሬው ጆሮዬ የደረሰ ቀን የተኮስኩት አንሶላ ሁሉ ተጨማደደብኝ።

በዚያ ሳምንት ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ልጄ አንብባው ስታበቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችልኝ።

"አንቺ አንብቢና ፍረጂኝ" አለች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። "በሳምንቱ መጨረሻ በማታው ባቡር እሄዳለሁ። ጉዞው ረጅም ነው። አብረን እንሂድ፤ ሁለታችን ብቻ። ሰው ከመቁጠር ላውጣሽና ዓለምን ላሳይሽ" ይላል።

"አየሽ፣ እማዬ? እሱም እንደ እናቱ ነው። ሥራዬ ያሳፍረዋል።"

"ልጄ፣ ምናልባት እኮ..."

"ምናልባት የለም።"

ለሱ የላከችው መልስ አጭር ነበር። መልስ ከፈለገ አንድ ቀን እንደማንኛውም ሰው ከቡድኗ ጋር ይጓዝ፤ ከሚጎበኙት ዋሻ ሲወጡ ትነግረዋለች። መጣ። እሷም ጭራ አደረገችው።

ጭራ ማለት በቡድን ጉዞ ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ሰው ነው። ማንንም አይቀድምም። ከፊቱ ያለው ሰው ከቆመ ይቆማል፤ ከተቀመጠ ይቀመጣል። ጨለማ ቦታ ሲደርሱ አስጎብኚዋ ከፊት "አለሁ" ትላለች፤ ቀጥሎ ያለው "አለሁ" ይላል፤ ቃሉ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጭራው "ሁላችን አለን" ብሎ መብራቱን ከፍ ያደርጋል። ያኔ እሷ ጃንጥላዋን ታነሳለች፣ ሰልፉም ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ያ ሁሉ ሰው በመካከላቸው። ፊቷን እንዳያይባት ይሁን ወይስ ፊቱን አይታ እንዳትሸነፍ አላወቅኩም። የሷን ልብ የማውቅ ይመስለኝ ነበርና ከፋኝ።

* * *

ከተማውን ለቀን ብዙም ሳንርቅ ካውያዬ ትዝ አለኝ። ጠዋት ቀሚሴን ተኩሻለሁ። ሶኬቱን ነቅያለሁ ወይስ አልነቀልኩም?

ልጄን ጠራኋት። "ካውያውን ትቼው የመጣሁ መሰለኝ።"

"ነቅለሻል፣ እማዬ።"

"አይተሽኛል?"

"አላየሁሽም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። "እናት እየተጨነቀች መንገድ አይቀናም" አለና አውቶቡሱን አዞረው። ከኋላ ያጉረመረመ ነበር። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት ካውያው ሶኬቱ ተነቅሎ፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ቆሟል።

ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት ጡረተኛዋ አዋላጅ "ቤቱ አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አለ።"

"ተመስገን። እንግዲህ ዋሻውም ካልሄደ እንደርስበታለን።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሚያጉረመርመውም ጭምር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ "ካውያ" ሆኖ ቀረ።

አዋላጇ ዞር ብለው ወደ ኋላ ተጣሩ። "አንተ ጭራችን፣ ለብቻህ ብትመጣ ይሄኔ ዋሻው ውስጥ ነበርክ።"

"ነበርኩ፣ እትዬ።"

"ይኸው በሰው ካውያ ዋልክ።"

"ዋልኩ። ለብቻዬ ብሆን ግን ቀሚሴን ማን ይተኩስልኝ ነበር?"

እንደገና ተሳቀ። አዋላጇ ግን የዋዛ ሴት አይደሉም። "እኔ የምልህ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንበሳውን ማሰር አይደለም የምፈልገው፤ ማየት ነው። በዚህ ሁሉ ጫጫታ ደግሞ አንበሳው ይሸሻል።"

"ለብቻህ ስታየውስ? እሱም እኮ ያይሃል።"

ልጄ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ማይክሮፎኑን አነሳች፤ ፊቷን ግን ወደ መንገዱ እንዳደረገች ነው።

"ለብቻው የሚሄድ ሰው የወደደበት ቦታ ይቆማል፤ ያልወደደውን ጥሎ ያልፋል። ይሄ ትክክል ነው። ከሰው ጋር የሚሄድ ግን ሲደክመው የሚጠብቀው አለ፤ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው አለ። መንገዱ ቢጠፋ የሚያውቅ ሰው አብሮት አለ። አንዳንድ ሰው ይሄ አይታየውም። ጃንጥላው ብቻ ነው የሚታየው።"

ከሷ፣ ከእኔና ከእሱ በቀር ቃሉ ለማን እንደተወረወረ ያወቀ አልነበረም። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ከሾፌሩ በላይ ያለው መስታወት ላይ ዓይኗን አየሁት። መጨረሻውን ወንበር እያየች ነበር። እሱም ከዚያ ያያታል። ሁለቱም ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ግን የተናደደው ማን እንደሆነ፣ የተለማመጠው ማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

* * *

ዋሻው በር ላይ ስንደርስ ሊመሽብን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ፀሐይ ግን አናታችን ላይ ናት። "ሁልጊዜ በማለዳ ነው የምንገባው። ዛሬ ቀትር አስገባሽን፣ እማዬ" አለችኝ ልጄ፣ ሄልሜቴን አገጬ ስር እያሰረች። ጣቷ በረዶ ሆኗል። ዋሻው በአንድ በኩል ተገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ አውቶቡሱም ዞሮ በዚያ ይጠብቀናል። ስለዚህ ስንወጣ ሁሉ ነገር ያልቃል፤ ወይ ይጀምራል።

ገባን። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ጣሪያው ይንጠባጠባል። ከፊቴ አዋላጇ፣ ከኋላዬ እሱ። "አለሁ" የሚለው ቃል ከሩቅ ተነስቶ እየተቀባበለ ሲመጣ ሰማሁት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቀስ ብዬ "አለሁ" አልኩ። "ሁላችን አለን" አለ እሱ ከኋላዬ። በጨለማው መጨረሻ ጃንጥላዋ ላይ ያሰረችው አንጸባራቂ ጥብጣብ ብልጭ አለ። በፍርሃቴ መካከል ደስ የሚል ነገር ተሰማኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እኔ መኖሬን ለማወቅ ቆመው ሲጠብቁ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ አልታጠፍም አለ። አዋላጇን "ይሂዱ፣ እደርስብዎታለሁ" አልኳቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ይረፉ፣ እትዬ" አለኝ እሱ።

"ሰልፉ እኮ ሄደ።"

"ይሂድ። ጭራ ሰው ጥሎ አይሄድም። ልጅዎ ናት ያስጠነቀቀችኝ።"

አጠገቤ ተንበርክኮ ቆየ። ያኔ ጠየቅኩት። ከሷ ፊት ልጠይቀው የማልችለው ነገር ነበረኛ።

"ልጄ፣ ለምንድን ነው ለብቻህ የምትዞረው?"

"አንድ ጊዜ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኜ ፀሐይ ስትወጣ አየሁ" አለ። "ደመናው ከእግሬ በታች ነበር፤ እንደተባዘተ ጥጥ። ዞር ብዬ 'አየህ?' አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማየው ነገር ሁሉ ግማሽ ሆነብኝ።"

"ታዲያ ለምን ከሰዎቿ ልለይሽ ትላታለህ?"

"እኔ?"

"ሰው ከመቁጠር ላውጣሽ ብለሃል። አንብቤዋለሁ።"

መብራቱ ፊቱ ላይ ባይሆንም መደንገጡን አወቅኩ። "እትዬ፣ ፏፏቴው ጋ ያየኋት ቀን ሰው ሁሉ ውሃውን ያያል። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው የሰዎቿን ፊት ታያለች። ማን ጠርዝ ቀረበ፣ ማን ፈራ፣ ማን ደከመው። ስንት ሰው ወስዳ ስንት ድንቅ ነገር አሳይታለች፤ እሷ ግን አይታ አታውቅም። አንዴ እንኳ ማንንም ሳትጠብቅ ቀና ብላ እንድታይ ብዬ ነው።"

"እንዲህ ብለህ አትጽፍላትም ነበር?"

"እንዲህ ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።"

እጄን ራሱ ላይ አደረግኩ። ሄልሜቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔ ግን የራሴን ልጅ የነካሁ መሰለኝ።

* * *

ልንነሳ ስንል ጢስ አየሁ። ጭንቀታም ሰው ጨለማ ውስጥም ጢስ አያጣም። በስተቀኛችን ዝቅ ያለ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ውስጥ አንድ ነጣ ያለ ነገር ይንቀሳቀሳል።

"እሳት ነው" አልኩት።

"እሳት እዚህ ከየት ይመጣል?" አለና መብራቱን አጠፋ። የኔንም አጠፋው። ነጣ ያለው ነገር ግን አልጠፋም፤ ይብሱን ጎላ። እጄን ያዘኝ፤ ጎንበስ ብለን ገባን።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ትልቅ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ከላይ ተቀዶ ሰማይ ይታያል። ቀትር ስለሆነ ፀሐይዋ ልክ ቀዳዳው ላይ ቆማለች። ብርሃኑም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ፣ ሳይበተን፣ ሳይናወጥ ወርዶ ከታች ያለውን ኩሬ ይነካል። ኩሬው ከመጥራቱ የተነሳ ውሃ አይመስልም። ከላዩ እንፋሎት እየተነሳ በብርሃኑ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ከፍታው ላይ ወፎች ይዞራሉ፤ ከታች ሲታዩ ነጥብ ናቸው። እንፋሎት የዕድሜ ልክ ባልደረባዬ ነው። ዓይኔን ያቃጠለው፣ እጄን የላጠው እሱ ነው። እንዲህ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ሰማይ ሲሄድ ግን አይቼው አላውቅም። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"አለሁ" የሚለው ቃል ከሩቅ ሲመጣ እንሰማው ነበር። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። አዋላጇ ዘንድ ደረሰና ቆመ። "ካውያ? አንቺ ካውያ፣ የት ቀረሽ?" ሲሉ ሰማኋቸው። መመለስ ነበረብን። አፋችን እሺ አላለንም።

ወዲያው የሩጫ ኮቴ መጣ። አስጎብኚ ሰልፉን ትቶ አይመለስም፤ ልጄ ግን ተመለሰች። ጎንበስ ብላ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ። ቀጥላ እሱን።

"ለብቻህ መሄድ ካማረህ መሄድ ትችላለህ" አለችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። "እናቴን ለምን ይዘህ ትጠፋለህ? መብራትህን ባጣው ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "መመለስ ነበረብኝ። አልቻልኩም።"

"ለምን አልቻልክም?"

አላብራራም። ወደ ምሰሶው በጣቱ እንኳ አልጠቆመም። "ሰዎችሽን ጥሪያቸው" አላት ብቻ። "ፀሐይዋ ሳታልፍ።"

እሷም እንደ ልማዷ ነገሩን ሳይሆን የኔን ፊት አየች። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም፤ ዞራ ወጣች። ሰዎቿን አንድ በአንድ፣ መብራታቸውን አስጠፍታ፣ በለሆሳስ አስገባቻቸው። እሱ ኩሬው ጠርዝ ላይ እጆቹን ዘርግቶ እንደ አጥር ቆመ። በአውቶቡስ ውስጥ ሲያጉረመርም የነበረው ሰው ገብቶ ሄልሜቱን አወለቀ። አዋላጇ "እኔ ስንት ሕፃን ወደ ብርሃን ሳወጣ..." ብለው ጀመሩና ዓረፍተ ነገራቸውን አልጨረሱትም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እስትንፋስ ብቻ ይሰማ ነበር። ለብቻዬ ሳየው ድንቅ ነበር። የሌሎቹን እስትንፋስ እየሰማሁ ሳየው ግን ከእኔ የሚበልጥ ነገር ሆነ፤ ፈራሁት፣ ደግሞም ወደድኩት።

ልጄ ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ ቆማ ነበር። ዓይኗ ከፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ማን ጠርዝ ቀረበ፣ ማን ደከመው።

እሱ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ተናገረ። "ዛሬ ጭራ እኔ ነኝ። ሁላቸውንም አያቸዋለሁ። አንድም ሰው አይወድቅም። አንቺ ዞረሽ እዪ።"

"ሥራዬ ነው" አለች።

"አውቃለሁ። ሥራሽን ተዪ አይደለም ያልኩሽ። ለአንድ አፍታ ልጠብቅልሽ ነው ያልኩሽ።"

ልጄ ትንሽ ሳለች ልብስ ንጽህና ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ቆማ አንሶላ ታጥፍልኝ ነበር። እያጠፈች ፊቴን ታያለች፤ ደክሞኝ እንደሆነ፣ አልቅሼ እንደሆነ። ፊት መጠበቅ የለመደችው እዚያ ነው። አሁንም ወደኔ አየች፤ ፈቃድ የምትለምን ይመስል።

"እዪ፣ ልጄ" አልኳት። "እኔ አለሁ።"

ዞረች።

ጃንጥላው ቀስ እያለ ዝቅ አለ፤ ጫፉ መሬት ነካ። እሷ ቀና አለች። ሌላው ሰው ብርሃኑን ያይ ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ የሷን ፊት ነው ያየሁት። ዓይኗ ተከፈተ፤ ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ትከሻዋ ላይ ለዓመታት የነበረ ነገር ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ሳታውቀው፣ ወደ ኋላዋ፣ ለማን እንደምትናገር ሳታይ፣ "አየህ?" አለች።

"አየሁ" አላት።

ያ ተራራ ጫፍ ላይ የቀረው ግማሽ እዚያች ቃል ውስጥ ሲገጥም ሰማሁት። የሰማነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

* * *

ምሰሶው ሳስቶ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ከዚያ ጠፋ። ሰዎቹ መብራታቸውን ለማብራት አልቸኮሉም። ልጄ እሱ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"ባቡርህ ዛሬ ማታ ነው አይደል?"

"ማታ ነው።"

"አትደርስበትም። በእማዬ ካውያ አንዴ ዘግይተናል።"

"አውቃለሁ። አውቶቡሱ ሲዞር ነው ያወቅኩት።"

"እያወቅህ ዝም አልክ?"

"ጭራ አይቸኩልም።"

ፈገግታዋ በጨለማም ይታወቃል፤ ከመሳቋ በፊት አየር ትስባለች። "እኔ ሰዎቼን አልተውም" አለችው። "አንዳንዴ ግን ሁለታችን ብቻ እንሄዳለን። ያኔ አንተ የወደድክበት እንቆማለን። ሌላ ጊዜ ከኋላዬ ትሆናለህ።"

"እናቴስ?"

"አሳፍራት። አውቶቡሱ ላይ ቦታ አለ።"

አዋላጇ ከጎኔ "እልልታ ዋሻ ውስጥ ይከለከላል?" ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

ወደ ሰልፉ ስንመለስ ልጄ እኔ ዘንድ መጣችና ጃንጥላውን እጄ ላይ አኖረችው።

"ምን ላድርገው?"

"ምሪን። ከዚህ በኋላ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ የብረቱን መደገፊያ ይዘሽ ሂጂ። በአንቺ እርምጃ እንሄዳለን።"

"ልጄ፣ እኔ ጉልበቴ..."

"ለዚያ ነው ከፊት የምትሆኚው፣ እማዬ። የሚደክመው ሰው ከፊት ከሆነ ማንም አይቀርም። እኔ ዛሬ ከኋላ መሄድ አምሮኛል።"

ሰዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው አሳለፉኝ። አንዱ "አይዞሽ፣ ካውያ" አለኝ። ከፊቴ የሰው ጀርባ አልነበረም፤ ጨለማና ከሩቅ የምትታይ የቀን ብርሃን ብቻ። መደገፊያውን በግራ እጄ ያዝኩ፤ "አለሁ" አልኩ። ይህን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አዋላጇ "አለሁ" አሉ። ቀጥሎ ሌላው። ቃሉ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ በድንጋዩ መካከል ሄደ። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ለአፍታ ጸጥ አለ።

"ሁላችን አለን" የሚል መጣ። ድምፁ የሁለት ሰው ነበር።

ዞሬ አላየሁም፤ የሚመራ ሰው ወደ ፊት ነው የሚያየው። ጃንጥላውን ግን አነሳሁት። እናቱ ስለ ጃንጥላ ያን ቃል ከተናገረች ጀምሮ በልቤ ውስጥ እንደ ብረት ተሸክሜው ነበር። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላወቅኩም።